ለልጄ እናቱ ሞተች በሉልኝ

ባለፈው ዘመነ ማቴዎስ፣ ጥቅምት ተጋምሶ ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ፣ ጧት ጧት ውርጩ ጣት በሚቆረጥምበት ሰሞን ነው። ሐሙስ ነበር። በማግሥቱ ለገበያ የማወጣውን ምስር ደጃፌ ላይ ተቀምጬ እለቅማለሁ። ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም። አነሣሁት፤ አንዲት ሴት «አዮ እናንየ?» አለችኝ። አዮ ማለት በዚያ አገር እናት ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ድምፅ ከጠፋ ብዙ ጊዜው ነበርና ምስሩ ከእጄ ፈሰሰ። «ጫልቱ ነኝ፤ የዲርቤ ልጅ» አለች። አማርኛዋ ተሰባብሮ የተጠገነ ነው፤ የኔም ኦሮምኛ እንደዚያው። «ስልክ እምቢ ብሎን ነው የቆየነው። መንገዱንም ታውቂዋለሽ። እማዬ አርፋለች። ከቀበርናት ሰነበትን። ለወንድሜ ንገሪው» አለችኝ። ወንድሜ ያለችው ልጄን ሙላትን ነው። ሙላትን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ጫልቱን የወለደቻት ዲርቤ ናት። ወንድሜ ማለቷ ግን ልክ ነው።

በኛ አገር ሞት እንዲህ አይነገርም። ጫልቱ ምን ታድርግ፤ ከዚያ ማዶ ሆና ሌላ መንገድ የላትም። እዚህ ግን መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌዎች ገና ወፍ ሳይንጫጫ ይመጣሉ፤ ደጅ ላይ ያስላሉ፤ ሰውየውን ከመኝታው አስነሥተው፣ ቀበቶውን አስፈትተው፣ በመካከላቸው አስቀምጠው ይነግሩታል። ራሱን እንዳይጥል ይይዙታል። የቅርብ ዘመድ መርዶ አይናገርም። እናት ለልጇ አትናገርም። ያን ወግ ያላገኘ ሐዘን በሰው ሆድ ውስጥ መሬት ሳይነካ ይቀራል ይባላል። ጫልቱን እግዜር ያጥናሽ አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ምስሩን ከመሬት ለቀምኩ። ሙላት ስማዳ ነበር፤ የአንድ ትምህርት ቤት በርና መስኮት ሊገጥም ሄዶ። ዐርብ ማታ ይገባል።

ዲርቤ ማን እንደ ነበረች ልናገር። ዘመን በአራቱ ወንጌላውያን ሲዞር፣ ያም ዘመነ ማቴዎስ ነበር፤ ያ የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን። ሰማዩ ናስ ሆነ። በላይ ጋይንት በታች ጋይንት ያለው ገብስ ከመሬት ስንዝር ሳይርቅ ደረቀ። እኔ ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነኝ ማለት ይቻላል፤ የሠርጌ ቀሚስ ጥለቱ አልደበዘዘም። ከባለቤቴ ከተገኘ ጋር ንፋስ መውጫ ወረድን፤ አውራ ጎዳናው ዳር ከሰው ጋር ተሰለፍን፤ ስማችንን ጠሩ፤ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። ወዴት እንደምንሄድ ያወቀ አልነበረም። እናቴ ስትሰናበተኝ አንድ እፍኝ የገብስ ዘር በቀሚሴ ጫፍ ቋጠረችልኝ። «አፈር የሌለበት አገር የለም፤ ከደረስሽ ዝሪው» አለችኝ። ሙላት ያን ጊዜ በሆዴ ነው።

የደረስንበት አገር ምዕራብ ወለጋ ነው። ሣሩ ከሰው ይረዝማል። ዝናቡ ጀምሮ መቆም አያውቅም። ዛፉ ላይ ሆኖ ጦጣው ይስቅብናል። ቤቶቹ በሣርና በሸንበቆ በተርታ ተሠርተዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰው ማታ የሰው ቤት ይገባ ነበር። ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ጎማ ብረት ነበረ፤ እሱ ሲደወል ለሥራ እንወጣለን። ጫማችን ኮንጎ የሚሉት ላስቲክ ነው፤ ሲሞቅ እግር ይቀቅላል። ከውጭ አገር በመጣ የእርዳታ ልብስ ውስጥ አንድ ቀይ ካፖርት ደርሶኝ ነበር፤ ቁልፎቹ እንደ ብር ያበራሉ። በዚያ ሙቀት የሚለብሰው አልነበረምና በሰፈሩ ሙሽራ ባለ ቁጥር ይዋሱኝ ነበር። በሠርጋቸው ቀን ቀይ ካፖርት ለብሰው በላብ የተጠመቁ ሙሽሮች ዛሬም ይታዩኛል። ያን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ። መከራ ነበር፤ ግን ወጣትም ነበርን።

የሰፈርንበት መሬት የነሱ የከብት ማሰማሪያ ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም። እነሱን ያስፈቀደ አልነበረም። እኛንም የጠየቀ አልነበረም። መኪና አመጣን፤ ዶማ ሰጡን፤ ቆፍሩ አሉን። የዲርቤ ባል ላሞች ጧት ጧት በልማዳቸው እየመጡ ከቤታችን ደጃፍ ይቆሙና ያዩን ነበር። ሣር ነበር የሚፈልጉት፤ ያገኙት ሰው ነው። እንግዲህ ያቺ ሴት እኛን ልትወድ የምትችልበት ምክንያት አልነበረም።

እናቴ የቋጠረችልኝን ገብስ ከቤቱ ጀርባ ዘራሁት። የደጋ ሰው እንዴት ያውቃል? በዚያ ሙቀት ቅጠሉ ሽቅብ ተተኮሰ፤ ደረቴ ድረስ መጣ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ያየኝ ነበር። አንድ ፍሬ ግን አልያዘም። ዲርቤን መጀመሪያ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ እንስራ አዝላ ወደ ውሃ ስትወርድ ቆማ ገብሴን አየችና ሳቀች። ረዥም ነበረች። ጥርሷ ፍንጭት ነው። የምትለው አልገባኝም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ቋንቋዋን ስለምድ ጠየቅኋት፤ «ገብስሽ እንዳንቺ ነው፤ ብርድ ናፍቆታል ነው ያልኩት» አለችኝ።

ሙላት በተወለደ በሁለተኛው ወር ተገኘን ወባ ወሰደው። ክረምት ነበር። መቃብሩን ሲቆፍሩ ውሃ ይሞላው ነበር። እዚያው ነው ያለ፤ ነፍሱን ይማር። እሱን ቀብሬ ስመለስ እኔም ወደቅሁ። ትኩሳቱ አጥንቴን ፈጨው፤ ጡቴ ደረቀ። ልጁ መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፤ ኋላ ማልቀሱን ተወ። ማልቀስ ሲተው ነው የፈራሁት። በሰፈሩ ያልታመመ ሴት አልነበረም፤ ወተት ያለው ጡት አልነበረም። «እመቤቴ፣ እኔን ተዪኝ፣ እሱን እዪው» ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

በሩ ጨለመ። ቀና ብል ዲርቤ ናት፤ ጫልቱን አዝላለች። በመንገድ ስታልፍ የልጅ ድምፅ ሲያንስ ሰምታ ነው። እሷ አማርኛ አታውቅ፤ እኔ ኦሮምኛ አላውቅ። አልጠየቀችኝም። ሙላትን ከጎኔ አነሣችው፤ ጫልቱን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ግራ ጡቷ አስጠጋችና ለሱ ቀኙን ሰጠችው። አልያዘላት አለ። ደጋግማ ጠብ አደረገችለት። ሲይዝ ድምፁን ሰማሁት፤ ሲውጥ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ የጋይንት ቤተ ልሔም መሪጌቶች በንግሥ ሲያዜሙ ቆሜ አድምጫለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዜማ ግን አልሰማሁም። እግዜር ይቅር ይበለኝ። እያጠባች ታባብለው ነበር። ምን እንደምትል ባይገባኝም አንዱን ቃል ግን ለየሁት። እነሱም ልጅ ሲያባብሉ ኡሹሩሩ ነው የሚሉ።

እኔ እስክድን ብቻ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በአገራቸው ወግ ጡት የጠባ ልጅ ልጅ ነው አለች፤ የሚመለስ ዕቃ አይደለም። ባሏ ሽማግሌዎች ጠራ። በሙላት አናት ላይ ቅቤ አደረጉና መረቁት፤ ገመቹ ብለው ስም አወጡለት፤ ደስታ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሷ ቤት ሙላት የሚባል ልጅ አልነበረም። ከከብቶቻቸው አንዲት ጥጃ ለሱ ተባለች። እነዚያ ሣራቸውን የወሰድንባቸው ላሞች፣ ከነሱ አንዷ የልጄ ሆነች። እንዲህ ያለውን ነገር የት ይጽፉታል? በቴሌቪዥን የተማሩ ሰዎች ስለ ብሔር ብሔረሰብ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ሁሉም የሚሉት ነገር ይኖራቸዋል። እኔ ሲሟገቱ ስሰማ የምትታየኝ ያቺ ጥጃ ናት።

እዚያ የኖርኩበትን ዘመን ዛሬ ሳስበው ሁሉም ነገር የሚሸተኝ በዝናብ ነው። ቅዳሜ በዋርካው ሥር ገበያ ነበር። አንድ ስኒ ጨው ይዞ የሄደ ሙሉ ቅል እርጎ ይዞ ይመለሳል። መሠረተ ትምህርት የተማርኩት እዚያው ነው፤ ከሥራ መልስ፣ ከሰል በተቀባ ጣውላ ላይ። ይህን የምጽፍባትን ፊደል ያገኘሁት በዚያ አገር ነው፤ ተመስገን። ዲርቤ የሷ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ነበር፤ ከበሮ የለው፣ ጽናጽል የለው፤ እሑድ እሑድ ቁጭ ብለው ይዘምራሉ። ጾም የምንለውን አታውቀውም። እኔ ረቡዕና ዐርብ እምቢ ስላት መጀመሪያ የጠላኋት መሰላት። ነገሩ ሲገባት ለኔ ብላ ቅቤ ያልነካው ድስት ለየች። ጎመኑን በዚያ ትቀቅልልኛለች፤ ድስቱን ሌላ ሰው እንዳይነካው ከፍ አድርጋ ትሰቅለዋለች። ልጆቿ «የእናንየ ድስት» ይሉት ነበር። ፍልሰታ ስትመጣ እኔ ሳልነግራት እሱን ታወርደው ጀመር። እምነቷን እኔ አላመንኩም፤ እምነቴን እሷ አላመነችም፤ ድስቱ ግን ንጹሕ ነበር።

መንግሥት ተለወጠ ተባለ። ሰው እየተነሣ መበታተን ጀመረ። አንዳንዱ ቀረ፤ አንዳንዱ ወደ መጣበት ተመለሰ። እናቴ በሕይወት አለች የሚል ወሬ ደረሰኝና ልነሣ ቆረጥኩ። ሙላት የፊት ጥርሱን ነቅሎ ነበር። ዲርቤ እስከ ወንዙ ሸኘችን። ልጁን አዝላው ነው የመጣች፤ እግሩ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረውን ልጅ። ወንዙ ዳር አወረደችው። ያን ጊዜ ቋንቋዋን አውቃለሁ። «ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ይግባ ይላሉ» አለችኝ። «አንቺ ግቢ። እሱ ግን አገሩ ሁለት ነው፤ አንዱን እንዳትሸሽጊበት።» ቀጥላ፣ «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ስሞት ገመቹ እንደ ባዳ ሞት በወሬ አይስማ። እንደ ልጅ ይነገረው» አለች። እሺ አልኳት። በእመቤቴ ስም እሺ አልኳት።

እዚህ አርብ ገበያ ከተማ ከገባን በኋላ ልጆች ሙላትን «ወለጌው» አሉት። እዚያ ሳለን ደግሞ «የሰፋሪ ልጅ» ነበር። አንድ ቀን እያለቀሰ መጥቶ «እማ፣ እኛ የየት ነን?» አለኝ። እኔ ብዙ ነገር አላውቅም። «አንተ የሁለት ጡት ልጅ ነህ፤ እነሱ ያላቸው አንድ ነው» አልኩት። በማግሥቱ ይህንኑ ተናግሮ ተደባድቦ መጣ። ሲጎረምስ ጠፍቶ ወደ ዲርቤ ሄደ፤ አንድ መከር ሙሉ አጭዶላት፣ አናጢነት ከባሏ ተምሮ፣ በትልቅ ቅል ማር ይዞ ተመለሰ። ዛሬም እንጀራው ያ አናጢነት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልላታል፤ ስልኩ ለኔም ይደርሰኛል። የምንባባለው ብዙ አልነበረም። «ድስትሽ አለ» ትለኛለች። «ተመስገን» እላታለሁ። ኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ከዚያ አገር ብዙ ሰው ተፈናቅሎ ባዶ እጁን መጣ። ከመጡት አንዱ የጎረቤቴ የአበሩ ወንድም ማንደፍሮ ነው። ምን እንዳየ አይናገርም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ምስሩን ለቅሜ ስጨርስ ነጠላዬን ለበስኩና ወደ እድራችን ዳኛ ወደ አያ ደምለው ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ማጭድ ይስላል።

«አያ ደምለው፣ መርዶ አለኝ» አልኩት።

ማጭዱን አስቀመጠ። «እግዜር ያቅልለው። ለማን ነው?»

«ለሙላት።»

«ማን ሞተበት?»

«እናቱ።»

አያ ደምለው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ሚስቱን ተጣራ፤ «አንቺ ሰው! ነይ እስቲ እናንየን ዳስሻት፤ ቆማ ሞቻለሁ ትለኛለች!» አለ። እኔ አልሳቅሁም። ሳልስቅ ሲያይ ወንበር ሳበልኝ። ሁሉንም ነገርኩት። አገጩን እያሻሸ ሰማኝ። «ዲርቤ ያልሻት ያቺ ማሯን የላከች ናት?» አለ። ናት አልኩት። «ማሯን በልቻለሁ» አለ። «ግን እኔ ብቻዬን ወግ አልሠራም። ነገ ከገበያ መልስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንሰብሰብና ለሰዎቹ ተናገሪው።»

ዐርብ ገበያ ዋልኩ። ምስሬን ለማን እንደሸጥኩ አላስታውስም። ከሰዓት በኋላ በወይራው ሥር ተሰበሰብን፤ አያ ደምለው፣ የንስሐ አባቴ ቄስ ጥበቡ፣ ጥቂት የእድሩ ሰዎች። አበሩ በሴቶቹ በኩል መጥታለች፤ ወንድሟ ማንደፍሮ ትንሽ ራቅ ብሎ ካቡ ላይ ተቀምጧል። ተናገርኩ። አጭር ነው የተናገርኩት።

አበሩ ቀድማ አፏን ከፈተች። «እንግዲያማ እድራችን ድንኳኑን ጭኖ አባይን ሊሻገር ነዋ!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «እቴ እናንየ፣ አይቀየሙኝ። ወንድሜ ከዚያ አገር ሲመጣ የለበሳት ሸሚዝ የሰው ነበረች። ያረሰው ቀረ፣ ያረባው ቀረ፣ ቤቱ ቀረ። ያን ጊዜ ማን መርዶ ነገረልን? ማን መጥቶ ከኛ ጋር ተቀመጠ? ዛሬ ከዚያ ለሞተ ሰው ልናለቅስ ነው?»

ያለችው ሁሉ እውነት ነው። «እውነትሽን ነው» አልኳት። «አልተቀመጥንላችሁም። መቀመጥ ነበረብን።» አበሩ መልስ ያዘጋጀች ይመስለኛል፤ ግን ለዚህ አልነበረም። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ቄስ ጥበቡ፣ «ሃይማኖቷስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የኛ አልነበረችም፣ አባቴ። ፍትሐት አልጠየቅሁም፤ የማይሆነውን አልጠይቅም። ነፍሷን የፈጠራት ያውቃታል። የጠየቅሁት ልጄ መርዶውን በወጉ እንዲረዳልኝ ነው። ቃል አለብኝ።»

አያ ደምለው ጉሮሮውን ጠረገ። «የእድሩ ደንብ አባት፣ እናት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ እኅት ወንድም ነው የሚል። የጡት እናት የሚል የለበትም» አለ። አንዱ ከኋላ፣ «እንዲህ ከተጀመረማ ነገ ላሜ ወተቷን አጠጥታኛለች የሚል ይመጣል» አለ። ቄሱ ዞረው አዩት፤ አቀረቀረ። «ድንኳኑ ይቅር» አሉ ቄስ ጥበቡ። «መርዶ ግን ድንኳን አይፈልግም። ሦስት ሰውና ጧት ነው የሚፈልግ። እሱም ቢሆን በግድ አይሆንም፤ ልቡ የፈቀደ ነው የሚሄድ።» ሁሉም መሬት መሬት አየ። «ይደርበትና እናስብበት» አለ አያ ደምለው። ሰው መነሣት ጀመረ። ማንደፍሮ ብቻ ከካቡ ወርዶ ወደኔ መጣ። ሲናገር ስሰማው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

«ልጁን ማን ብላ ነበር የምትጠራው?»

«ገመቹ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

ሙላት ማታ ገባ። ሚስቱ ለመውለድ እስቴ እናቷ ዘንድ ስለሆነች በዚያ ዞሮ አይቷት ነው የመጣ። ደስ ብሎታል። እጁ ሁሉ የጣውላ ብናኝ ነው። እግሩን ላጥበው ጎንበስ ስል «እማ፣ ዓይንሽ ምነው?» አለኝ። «የምስር ገለባ ነው» አልኩት። ከሻንጣው አዲስ ጋቢ አወጣ፤ እስቴ ገበያ የገዛው፣ ፈትሉ የጠነከረ፣ ነጭ። ላዬ ላይ ጣል አደረገውና ወደ ኋላ ብሎ አየኝ። «ያንቺ አይደለም፤ አትልመጂው!» ብሎ ሳቀ። «የአዮ ዲርቤ ነው። ያ አገር ሙቀት ነው እንዳትዪኝ፤ አሁን አርጅታለች፣ ማታ ማታ ሳይበርዳት አይቀርም። መንገዱ ለኅዳር ሚካኤል ይከፈታል እያሉ ነው። ይዤላት እሄዳለሁ። ልጁ ከተወለደም ፎቶውን አሳያታለሁ።» ጋቢውን ከትከሻዬ አወረድኩና አጠፍኩት። ስንት ጊዜ እንዳጠፍኩት እንጃ፤ እያጠፍኩ እፈታዋለሁ። «ደግ አድርገሃል» አልኩት። እራቱን በላ፤ ደክሞት ነበርና ቶሎ ተኛ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ይችላሉ፤ ላይመጡም ይችላሉ። ካልመጡ እኔው ልነግረው ነው፤ እንደ ባዳ ሞት፣ በወሬ። ዲርቤ የለመነችኝ አንድ ነገር ነበር።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። ውዳሴ ማርያሜን አደረስኩ። ደጁን ጠረግሁ። የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ከቤተ ክርስቲያን በኩል የኪዳን ደወል ተሰማ። ከዚያ በመንገዱ ላይ ሳል ሰማሁ። አያ ደምለው ነው፤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ከኋላው ቄስ ጥበቡ መስቀላቸውን ይዘዋል። ሦስተኛውን ሰው መጀመሪያ አላወቅሁትም። ሲጠጋ ማንደፍሮ ነው። በነጠላ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ሰጠኝ፤ ለለቅሶ ቤት የሚወሰደው እዝን መሆኑ ነው። «አበሩ ናት የላከችው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔ አልመጣም ብላለች። ሊጡን ግን ማታ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደተመለሰች ነው ያቦካች።» ዳቦውን ሳምኩት።

ሦስቱ ገቡ። እኔ ወግ ነውና ደጅ ቀረሁ። አያ ደምለው ሲያስነሣው ሰማሁ፤ «ተነሥ ልጄ፣ እንግዳ ነን»። ቄሱ ምን እንዳሉት አልተሰማኝም። ከዚያ የማንደፍሮ ድምፅ መጣ፤ «ገመቹ» አለው። ያን ስም እዚህ አገር ሰው ሲጠራው ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ያለውን በዚያው በነሱ ቋንቋ ነገረው፤ ያ ከዚያ አገር በሰው ሸሚዝ የመጣ ሰው፣ በዚያ ቋንቋ፣ በለዘበ ድምፅ። ቀጥሎ ልጄ «አዮ!» ብሎ ጮኸ። እኔን አልነበረም የጠራ። እኔን እማ ነው የሚለኝ።

ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሟች ልብስ ይቀመጣል። አዲሱን ጋቢ አወጣሁ። እሷ አልለበሰችውም፤ ግን የሷ ነው። በግቢው መካከል ዱካ የምንለውን በርጩማ አስቀምጬ በላዩ ዘረጋሁት። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ መምጣት ጀመረ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ሰልፍ ያዙ፤ እኔም ከሁሉ ኋላ ሰልፍ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ልጄ መሬት ተቀምጦ በሁለት ሰው ተይዟል። ቀና ብሎ አየኝ። ሰው ሁሉ እንደሚለው ጎንበስ ብዬ እጁን ያዝኩና፣ «እናት ነች፤ እግዜር ያጥናህ» አልኩት። ከዚያ ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀመጥኩ።